ከሪዱ እስከ ቀብዱ፦ ሳክስፎን ነፍቶ ማደር

ሳክስፎን መማር የሚፈልግ ወጣት በቅድሚያ የሚጨነቀው ስለ ጣቱ ነው። ጣት ግን ከሁሉም ቀድሞ የሚፈታ ነገር ነው፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት የሚሠራ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ መሣሪያውን ከታች እስከ ላይ ይዳስሰዋል። ከባንድ የሚያስወጣው ሌላ ነው። አንደኛው ከኪቦርዱ ትንሽ ከፍ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ መንፋቱ፣ ሁለተኛው ኪቦርዲስቱ «ኤፍ ነው» ሲለው የራሱን ኖታ እስኪያሰላ ዘፈኑ ጥሎት መሄዱ። በኋላ ተማሪ ሲይዝም የሚያጋልጡት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ በጆሮ ለምዶ የሚሠራውን ነገር ስሙን ካላወቀው ለሌላ ሰው ሊያስረዳው አይችልም። ስለዚህ እዚህ ስለ ጣት ብዙ አልልም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ የምላቸው የእንግሊዝኛ ፊደላቱ ናቸው። «ሲ» ስል ዶ ማለቴ እንጂ የሶልፌዡን ሲ አይደለም። «ሻርፕ» ኖታውን በግማሽ ድምፅ ከፍ፣ «ፍላት» በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል።

ስለ መግዛት ባጭሩ

ለጀማሪ ከቴነር ሳክስፎን አነስ የሚለው አልቶ ይሻላል። ክብደቱ 2.5 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ትንፋሽም አይፈጅም። የቴነር ነፊውን ጌታቸው መኩሪያን ሰምቶ ልቡ የተነካ ወጣት «ቴነር ካልሆነ» ይላል፤ ትከሻውና ኪሱ ከቻሉ ክፋት የለውም፣ የጣት አቀማመጡ አንድ ነው። ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ሁለቱም ይከብዳሉ፤ የፊት ቋሚ ጥርሶቹ ወጥተው እስኪያበቁ በክራር ወይም በዋሽንት ጆሮውን ቢያሠለጥን ይሻለዋል።

ያገለገለ ያማሃ፣ ስሙ ከማይታወቅ የሚያብረቀርቅ አዲስ መሣሪያ ይበልጣል። ርካሾቹ ላይ ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ቁልፎቹ በትንሽ ግፊት ይጎብጣሉ፣ ፓዶቹ (ከቁልፎቹ ሥር ያሉት የቆዳ መክደኛዎች) ቀዳዳቸውን መክደን ይተዋሉ። ያገለገለ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ትንሽ መብራት፣ የሲጋራ ወረቀትና ስልኩ ላይ ቲዩነር (የድምፅ ልክ ማሳያ) ይያዝ። ክፍሉን አጨልሞ መብራቱን ቱቦው ውስጥ ያስገባና ቁልፎቹን በቀስታ ይዝጋ፤ በፓዱ ዙሪያ ብርሃን ከታየ ያፈስሳል ማለት ነው። የሲጋራ ወረቀቱን በፓዱና በቀዳዳው መካከል አድርጎ ዘግቶ ሲስበው በሁሉም አቅጣጫ መያዝ አለበት። ቀጥሎ ኔኩን፣ የመሣሪያውን ቆልማማ አንገት፣ ይመልከት። የኦክታቭ ቁልፉን (ኖታውን ወደ ላይኛው ድምፅ የሚያሻግረውን) በግራ አውራ ጣት ተጭኖ ከጂ ወደ ኤ ሲሄድ፣ ኔኩ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ መከፈት ያለባት ኤ ላይ ነው። ጂ ላይም ከተከፈተች ኔኩ ተጣሟል ወይም ቀለበቷ ጎብጧል፤ ጂው ሁልጊዜ ይጮህበታል፣ ጀማሪው ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። በመጨረሻ ከላይ ጀምሮ እስከ ታችኛው ቢ ፍላት ድረስ ቀስ ብሎ ይንፋ። የታችኞቹ ኖታዎች እየተንቀጠቀጡ የሚወጡ ከሆነ ችግሩ ከታች ላይሆን ይችላል፤ ከላይ ያለ አንድ ፓድ ካፈሰሰ ከሱ በታች ያለው ሁሉ ይበላሻል።

ሪድና የአዲስ አበባ አየር

ሳክስፎን ከናስ ይሠራ እንጂ ድምፁን የሚያመነጨው ሪድ የሚባለው ስስ የሸምበቆ ቁራጭ ነው። አዶልፍ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1846 ፓሪስ ላይ ፓተንት ካወጣለት ጀምሮ ይህ አልተቀየረም። ጀማሪ ቁጥር 2 ወይም 2½ ሪድ ይግዛ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሪዱ ይጠነክራል። «ትልቅ ቁጥር የጎበዝ ነው» የሚባለው ወሬ ብዙ ልጆችን ሪዱን በጥርስ መንከስ አስለምዷል።

አንድ ፓኮ 10 ሪድ ይይዛል፤ ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ በበጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ማውዝፒስ (አፍ ውስጥ የሚገባው ክፍል) ላይ ተረስቶ ያደረ ሪድ ጠዋት ጫፉ እንደ ሞገድ ተጨማድዶ ይገኛል። ይህ ሪድ አልሞተም፤ ሁለት ደቂቃ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ቢቀመጥ ይዘረጋል። ዋናው ነገር አራት ሪዶችን ቁጥር ጽፎባቸው በየቀኑ እየቀያየሩ መንፋት ነው። አንዱን ብቻ እስኪሞት የሚነፋ ሰው አፉን ከሚደክም ሪድ ጋር ቀስ በቀስ ያለማምደዋል፤ የሠርግ ቀን አዲስ ሲያስገባ ድምፁ የሌላ ሰው ይሆንበታል። ከተጫወቱ በኋላ ጠርጎ በጠፍጣፋ መያዣ ማስቀመጥ፣ ማውዝፒሱንም በለብ ባለ ውኃ ማጠብ። በፈላ ውኃ የታጠበ ጥቁር ማውዝፒስ ወደ ቡናማነት ይለወጣል፣ መልሶም አይጠቁርም።

ሪድ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ያለ ተጫዋች ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲለው ጫማ አይበል። ሁለት ፓኮ ሪድ ይበል፣ ቁጥሩንና «አልቶ» ወይም «ቴነር» የሚለውን በጽሑፍ ይላክለት፤ አለዚያ የክላርኔት ሪድ ይመጣል።

ቲዩን ላይ መቆም

ከፍታ በራሱ የሳክስፎንን ድምፅ አይቀይረውም፤ የሚቀይረው ሙቀት ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ድምፁ ወደ 3 ሴንት ገደማ ከፍ ይላል (አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው)። ጠዋት ብርድ ላይ የተስተካከለ ሳክስፎን ሰው በሞላው አዳራሽ ውስጥ፣ መብራት ሥር፣ ከፍ ብሎ ይገኛል። ኪቦርዱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፎቹን ዘግቶ ትንፋሽ ብቻ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ማስገባት፣ አምስት ደቂቃ መንፋት፣ ከዚያ መቃኘት፣ ከሁለት ዘፈን በኋላ ደግሞ እንደገና ማየት።

ኪቦርዲስቱ ኤ ሲሰጥ አልቶው ኤፍ ሻርፕ፣ ቴነሩ ቢ ይነፋል። ከፍ ካለ ማውዝፒሱን ትንሽ ማውጣት፣ ዝቅ ካለ ማስገባት። አንዷን ኖታ አስተካክሎ «ተቃኘሁ» ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። አብዛኛው ሳክስፎን ላይ የመካከሉ ዲ፣ በኦክታቭ ቁልፍ የሚነፋው ማለት ነው፣ ከፍ ይላል፤ ከሱ በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚለውና ምንም ጣት ሳይጫን የሚነፋው ሲ ሻርፕ ደግሞ ዝቅ ይላል። ሁለቱ ጎረቤት ኖታዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሳሳታሉ። ዲ ላይ መንጋጋን ለቀቅ ማድረግ፣ ሲ ሻርፕ ላይ ትንፋሹን ማፍጠን ያስፈልጋል። በመዳፍ ቁልፎች የሚነፉት የላይኞቹም ወደ ከፍታ ይሸሻሉ።

አብዛኛው የቲዩን ችግር የሚመጣው ግን ከንክሻ ነው። ለማወቅ ማውዝፒሱን ብቻ ነቅሎ መንፋት ነው። የአልቶ ማውዝፒስ ብቻውን የኪቦርዱን ኤ፣ የቴነሩ ደግሞ ጂ አካባቢ መስጠት አለበት። ከዚያ በጣም ከፍ ካለ ተጫዋቹ እየነከሰ ነው፤ ታችኛው ከንፈሩ ከውስጥ በጥርስ የተቆረጠ ከሆነም ማስረጃው ያ ነው። የላይኛው ጥርስ ማውዝፒሱ ላይ ያርፋል፣ ታችኛው ከንፈር ጥርሱን በትንሹ ይሸፍናል፣ ጉንጭ አይነፋም። ስትራፑም (የአንገት ማንገቻው) ይስተካከል፦ ማውዝፒሱ ወደ አፍ ይመጣል እንጂ አንገት ወደ ማውዝፒሱ አያዘነብልም።

ልምምዱ አሰልቺ ነው፣ መድኃኒቱ ግን ይኸው ነው። ሜትሮኖምን (ምት ቆጣሪውን) 60 ላይ አድርጎ፣ ስልክ ላይ አንድ ኖታ ሳይቋረጥ እንዲሰማ ከፍቶ፣ 8 ምት እያጎሉ፣ 8 ምት እያሳነሱ መንፋት፤ በቀን 15 ደቂቃ። ቲዩነሩን ማየት ኖታው ካለቀ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው አፍጥጦ የሚያየው ሰው ዓይኑን እንጂ ጆሮውን አያሠለጥንም።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደግሞ የጎረቤት ጉዳይ አለበት። የመሣሪያውን አፍ በጨርቅ መጠቅጠቅ አይረዳም፤ ድምፁ የሚወጣው ከየቀዳዳው ስለሆነ የታችኞቹን ኖታዎች ብቻ ያበላሻል። የተከፈተ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ወደ ተሰቀለ ልብስና ጋቢ ዞሮ መንፋት ይሻላል። ሰዓቱን ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ መወሰን ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

«ኤፍ ነው!»

አልቶ የኢ ፍላት፣ ቴነር የቢ ፍላት መሣሪያ ነው። ኪቦርዱ ሲ ሲል አልቶው ኤ፣ ቴነሩ ዲ ይነፋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አልቶ ከተነገረው ኪ (ዘፈኑ ከሚያርፍበት ኖታ) ሦስት ግማሽ ድምፅ ወደ ታች፣ ቴነር ሁለት ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ይቆጥራል። ኤፍ ከተባለ አልቶው ዲ፣ ቴነሩ ጂ፤ ጂ ከተባለ ኢ እና ኤ፤ ኢ ፍላት ከተባለ ሲ እና ኤፍ። ጊታሪስት የሚወዳቸው ኤ እና ኢ ለሳክስ ሸክም ናቸው፦ ኤ ማለት ለአልቶ ኤፍ ሻርፕ፣ ለቴነር ቢ፤ ኢ ማለት ለአልቶ ሲ ሻርፕ፣ ለቴነር ኤፍ ሻርፕ።

ፈተናው መድረክ ላይ ይመጣል። ዘፋኙ ጉሮሮው ከብዶት «በግማሽ አውርዱት» ይላል። ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ የሚለውን ቁልፍ አንዴ ተጭኖ ጣቱን እንዳለ ይቀጥላል። ሳክስፎን ያ ቁልፍ የለውም። በዲ የለመደው አልቶ በሲ ሻርፕ ሊነፋ ነው። ዘፈኖችን በአንድ ኪ ብቻ ሸምድዶ የመጣ ልጅ የዚያን ምሽት መሣሪያውን ታቅፎ ይቆማል።

ቅኝቶቹንም በዚሁ መንገድ መያዝ ይገባል። ኪቦርዱ በሲ ሲጫወት አልቶው የሚነፋቸውን ልጻፍ። ትዝታ፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ። ትዝታ ማይነር፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ባቲ ሜጀር፦ ኤ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ሻርፕ። ባቲ ማይነር፦ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። አምባሰል፦ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ። አንቺሆዬ፦ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ ሻርፕ። ቴነር የያዘ ሰው እያንዳንዷን አምስት ግማሽ ድምፅ ከፍ ያድርግ።

ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ነገር አለ። የአምባሰል አምስት ድምፆች የአንድ ሌላ ትዝታ ማይነር ድምፆች ናቸው፤ ከላይ የጻፍኩት የኤ አምባሰል ከዲ ቢጀመር ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ማለትም የዲ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ባቲ ማይነርና ትዝታም እንዲሁ ይጋራሉ። ስለዚህ ቅኝት የድምፆች ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ ዜማው የት እንደሚያርፍ፣ የቱን እንደሚያሽከረክር፣ ስንኙ በየቷ እንደሚዘጋ ነው። ድምፆቹን ብቻ እንደ ስኬል እየወጣ የሚወርድ ሶሎ የአምባሰል ኖታ ይዞ አምባሰል ሳይሆን የሚቀረው ለዚህ ነው። በተለይ አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ማሲንቆና ድምፃዊ የሚይዟቸው ድምፆች ከኪቦርዱ ቁልፍ ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም። ሳክስፎን በከንፈር መጎተት ስለሚችል ወደ ማሲንቆው መጠጋት ይችላል። ኪቦርድ አብሮ ሲኖር ግን ከኪቦርዱ ጋር መቆም ግድ ነው።

ጌታቸው መኩሪያ በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ተጫውቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ አለፈ። ሽለላን በቴነር ሲነፋ የሚሰማው የሚሸልል ሰው ጉሮሮ ነው፦ የሚጀምርበት ድንገት፣ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ፣ መጨረሻ ላይ የሚያንቀጠቅጠው። እንዲህ ያለውን መማር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይዝፈነው። አንድ ስንኝ መርጦ፣ ቅጂውን ወደ 70 በመቶ ፍጥነት አውርዶ፣ ሦስት ጊዜ በአፉ ዘፍኖ፣ ከዚያ ይንፋ። የሚተነፍሰው ገጣሚው በሚተነፍስበት ነው እንጂ ሳንባው ባለቀበት አይደለም። ቪብራቶን (የድምፅ ማርገብገቡን) ከኖታው መጀመሪያ አያስገባው፤ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ወደ መጨረሻው ይልቀቀው። ጭክጭካ ላይ ደግሞ፣ ምቱ በስድስት ስምንተኛ ኖታ ስለሚቆጠር፣ ሜትሮኖሙን በየሦስቱ ስምንተኛ አንዴ እንዲመታ አድርጎ መለማመድ፤ በስድስቱም ላይ የሚመታ ሜትሮኖም ሰውን ሰነፍ ያደርጋል።

የት ይማር ለሚል፦ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ ኖታ፣ ንድፈ ሐሳብና ሥርዓት ያለው ሥልጠና ይሰጣል። የሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ከጥንትም የነፊዎች ማፍሪያ ናቸው። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመዝሙር ቡድኖች ደግሞ ዛሬ ለብዙ ወጣት የመጀመሪያ መድረክ ሆነዋል፤ በየሳምንቱ ሰው ፊት መቆም የማይተካ ሥልጠና ነው። ጉድለቱ ሁሉም በጆሮ ስለሚሠራ ኖታ ማንበብ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው።

መድረክና ሒሳቡ

ሠርግ ላይ የሚነፋ ሰው የዓመቱን ቅርጽ ማወቅ አለበት። ጥር ይጠባል፣ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታትም እንዲሁ። በሁዳዴ 55 ቀናት ግን የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም። ጥር ላይ ያገኘውን በጥር የሚጨርስ ሰው መጋቢት ላይ መሣሪያውን ይሸጣል። ማስተማር የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ለእርጅና የሚቀመጥ ሥራ አይደለም፣ ጾሙን የሚያሻግር ነው።

ሥራ ሲቀበል ግማሹን በቀብድ ይቀበል፤ ሰዓቱን፣ ስንት ዙር እንደሚነፋ፣ ድምፅ ማጉያ ማን እንደሚያመጣ በቴሌግራም ቢሆንም በጽሑፍ ይያዝ። ማይኩን የሳክሱ አፍ ውስጥ አያስገቡት፤ ታችኛው ኖታ ይጮኻል፣ ላይኛው ይጠፋል። ከአፉ ጠርዝ 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ በስተቀኝ እጅ ቁልፎች በኩል ትንሽ ቀና ብሎ ቢያይ ሁሉንም ይሰበስባል።

ቦርሳ ውስጥ ሁልጊዜ፦ የተለማመዱ ሁለት ሪዶች፣ ትንሽ መፍቻ፣ የብር ላስቲክ፣ የቧንቧ ቴፕና የሲጋራ ወረቀት። ስፕሪንግ ቢወልቅ ላስቲኩ ቁልፉን ይመልሳል። የኔኩ ቡሽ ላልቶ ማውዝፒሱ ቢወዛወዝ የቧንቧ ቴፑ ምሽቱን ያሻግራል። በጣም የሚያጋጥመው ግን የጂ ሻርፕ ፓድ ተጣብቆ መቅረት ነው። ምክንያቱ ስኳር ነው፤ ለስላሳ ወይም ጠጅ ጠጥቶ ሳይጉመጠመጡ መንፋት። ወረቀቱን ከፓዱ ሥር አድርጎ ቀስ ብሎ መጫንና ማንሳት፤ ጨቁኖ መጎተት የፓዱን ቆዳ ይልጣል።

ተማሪ ሲመጣ

የመጀመሪያው ትምህርት ላይ ሳክስፎኑ ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ። ማውዝፒስና ኔክ ብቻ። ተማሪው ድምፁን ለ10 ሰከንድ ሳያወዛውዝ ሲይዝ ወደ ሙሉው ይለፍ። መጀመሪያ ቢ፣ ኤ፣ ጂ፤ ሦስቱም በግራ እጅ ብቻ ናቸው። ከዚያ ቀኝ እጅ ሲጨመር ኢ፣ ቀጥሎ ዲ። እዚህ ላይ ብዙ አስተማሪዎች ከፈረንጅ መጽሐፍ ወደ ኤፍና ሲ ይሮጣሉ። መቆም ይሻላል፤ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ አምስት ድምፆች ናቸው፣ ያለ ኦክታቭ ቁልፍ፣ ያለ ሻርፕና ፍላት። ጂ ላይ ሲያርፍ ትዝታ ነው፣ ኢ ላይ ሲያርፍ ባቲ ማይነር። ተማሪው በሦስተኛ ሳምንቱ እናቱ የምታውቀውን ዜማ ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ ሎንግ ቶን (አንድን ኖታ አስረዝሞ መንፋት) ተለማመድ ብለው ቢያዝዙት አይከፋውም።

ድምፅ ማስጀመሪያው ምላስ ነው። «ሁ» እያለ የሚጀምር ተማሪ ኖታው ዘግይቶ ይገባል፤ «ዱ» እንዲል ማድረግ። ቀኝ አውራ ጣቴን አመመኝ ካለ መሣሪያውን በእጁ ተሸክሞታል፤ ስትራፑን ማሳጠር። አንድ ማውዝፒስ ለሦስት ተማሪ ማዞር አይገባም፤ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይምጣ። ክፍያውን በወር፣ በቅድሚያ ማድረግ፣ የቀረ ተማሪ በምን ያህል ጊዜ አስቀድሞ ካሳወቀ እንደሚካካስለት ከመጀመሪያው መናገር። ለጀማሪ 45 ደቂቃ ይበቃል፤ ከንፈር ከደከመ በኋላ የሚሰጠው ትምህርት ንክሻ ማስተማር ነው።

ውጭ ያሉ ተማሪዎች ሌላ ዓይነት ናቸው። ዋሽንግተን አካባቢ ያደገ የሐበሻ ልጅ በትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ ኖታ በደንብ ያነባል፣ ወረቀቱ ከተነሳበት ግን አንድ ስንኝ አይመልስም። አዲስ አበባ ያለው ተማሪ ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ትምህርት የሚሰጥ አስተማሪ አንዱን ያሰለቻል። ለዋሽንግተኑ ልጅ ወረቀት መከልከል፣ ለአዲስ አበባው በሳምንት አንድ ገጽ ማስነበብ።

ዙም ላይ ድምፅ የሚያጣራውን ማስተካከያ ማጥፋትና ኦሪጂናል ሳውንድ የሚለውን መክፈት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሎንግ ቶኑን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። አብሮ መንፋትም አይሞከር፣ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። አጃቢውን ቀድቶ በቴሌግራም መላክ፣ ተማሪው በዚያ ላይ ነፍቶ መልሶ እንዲልክ ማድረግ ይሻላል። ሰዓቱ ደግሞ በዓመት ሁለቴ ይዞራል፦ ዋሽንግተን ላይ ቅዳሜ ጠዋት በፈረንጅ 10 ሰዓት የተቀጠረ ትምህርት በበጋቸው አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ቀጠሮ ሲጻፍ «በማን ሰዓት» የሚለው አብሮ ይጻፍ፤ «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ተባብለው አንዱ የፈረንጁን ሌላው የሐበሻውን ይዞ ሲጠባበቁ የሚውሉ ብዙ ናቸው።